ሳይጻፍ የቀረ እንጉርጉሮ

በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ይህን ያህል ወጣት ከዚያ በፊት በአንድ ጊዜ ከገበሬው ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። እርሳስ ነበራቸው፤ ደብተር ነበራቸው። ከሰፈሩበት ጣቢያ ማዶ ደግሞ ዶሮ ሳይጮህ የሚጀምር የወፍጮ ድምፅ ነበር፤ ከወፍጮው ጋር አብሮ የሚወጣ የሴት እንጉርጉሮም ነበር። አዲስ ግጥም፣ በዚያው ሌሊት የተፈጠረ፣ ከዚያችው ሴት ኑሮ የተቀዳ። ዘማቹ ሰማው። ጊዜው ሲደርስ ወደ ከተማው ተመለሰ፤ እንጉርጉሮው እዚያው ቀረ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ዘማቾቹን ለመውቀስ አይደለም። የገጠር መሬት አዋጅ በዚያው ዓመት በየካቲት ወጥቶ ገበሬውን ማደራጀት፣ ፊደል ማስቆጠር፣ ትምህርት ቤትና የውሃ ጉድጓድ መሥራት በወጣት ትከሻቸው ላይ ወድቆ ነበር፤ በዚያው ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መጻፍ የሚችል እጅና ግጥም የሚፈጥር አፍ በአንድ መንደር አብረው ከርመው ሳይገናኙ መለያየታቸው ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ለአንድ ሕዝብ ስንት ጊዜ ይመጣለታል? ለእኛ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ መጣ። ሁሉንም አሳለፍነው።

ስለ ወፍጮ እንጉርጉሮ ሲነሣ ብዙ ሰው ከአያት ለእናት፣ ከእናት ለልጅ እንደ ዘር እህል የሚተላለፍ፣ ባለቤት የሌለው ነገር አድርጎ ያስበዋል። ከወፍጮ ሥር ያደገ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ዜማው የአገር ነው፤ እውነት ነው። ግጥሙ ግን የሴትዮዋ ነው። ወሎ ውስጥ፣ እናቴ ስትፈጭ አጠገቧ ተኝቼ ስላደግሁ አሠራሩን አውቀዋለሁ። መጁን ወደ ፊት ስትገፋ የስንኙን ግማሽ ትላለች፤ ወደ ራሷ ስትስበው ቀሪውን ግማሽ። ወል ቤት የሚባለው የግጥማችን ምጣኔ፣ ስድስት ቀለም ወዲህ ስድስት ቀለም ወዲያ፣ ከመጁ መሄድና መመለስ ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። የመጀመሪያው ስንኝ ቶሎ ይመጣል። ሁለተኛው እስኪመጣ ድረስ ግን «እህህ» እያለች ዜማውን ብቻ ትይዛለች፤ ድንጋዩ ብቻውን ሲያጉረመርም ይቆያል። ከዚያ ድንገት ቤቱ ይመታላታል፤ ሁለቱንም ስንኞች ባንድ ትንፋሽ ትለቃቸዋለች። ካልጣማት በማግሥቱ ሌሊት ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ትሞክረዋለች። አንዲት ቃል አልቀና ብላት አንድ ቁና እህል ፈጭታ የምትጨርስበት ሌሊት ነበር። ገጣሚ ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል?

የምትለውም ስለራሷ ነበር። ወፍጮው በሌላ ቦታ አፍ አውጥታ የማትናገረውን የምትናገርበት ቦታ ነው። አማትን መክሰስ ነውር ነው፤ የድንጋይን ክብደት ማማረር ግን ነውር አይደለም። አማትየዋ ከመደቡ ላይ ሆና ሰሙን ትሰማለች፤ ከግድግዳው ማዶ የምትፈጨው ጎረቤት ደግሞ ወርቁን ትሰማና በራሷ ስንኝ ትመልሳለች። ሳትጠየቅ ስለ መዳሯ፣ አባቷ ቤት ስለ ቀረው ልጅነቷ፣ ባሏ ገበያ ውሎ ስለሚያመሽባቸው ቀኖች የተናገረችው ሁሉ በዚህ መንገድ ነው። ከእኔ በፊት የወለደችው የበኩር ልጇ ጡት ሳይጥል ሞቶባታል። ስሙን ከወፍጮው ላይ በቀር ሌላ ቦታ ስትጠራው ሰው አልሰማትም። አባቴም አይጠራውም ነበር፤ በቤታችን የሞተ ሕፃን ስም አይነሣም።

በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ታላቅ ወንድሟ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ተወሰደ። ከእርዳታ ዱቄት ለስንቁ ቂጣ ጋግራለት ነበር። መኪናው ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ተነሣ፤ ቂጣውን በጨርቅ ጠቅልላ ስትደርስ አቧራው ብቻ ነበር የቀረው። በዚያን ጊዜ ወፍጮው ዝም ብሎ ነበር፤ የሚፈጭ አልነበረማ። ዝናቡ ተመልሶ እህል ሲገኝ፣ መጁም ሲነሣ፣ ስለዚያ ቂጣ ዓመት ሙሉ አንጎራጉራለች። ስንኞቹን አላውቃቸውም። ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው ነገሩ ስለ ቂጣው መሆኑን ነው፤ የተራበ ሰው ሁሉ በሞላበት አገር ቂጣው ማንንም ሳያጠግብ ስለ መድረቁ መሆኑን ነው፤ አባቴ ያን ስንኝ በሰማ ቁጥር ጋቢውን ደርቦ ደጅ ወጥቶ መቆሙን ነው። ግጥሙ በሰው ላይ ያደረገውን አውቃለሁ፤ ግጥሙን አላውቀውም።

የሚያቃጥለው ደግሞ እናቴ መጻፍ ትችል የነበረ መሆኑ ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀመረ። ታላቅ ሥራ ነበር። እያደር በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። ለእናቴ ያደረገላትንም አልክድም፤ በአውራ ጣቷ የምትፈርም ሴት ስሟን ጽፋ የምትፈርም ሆነች። ቀን ከብትና ልጅ፣ ሌሊት ወፍጮ፣ በመካከሉ ማታ ማታ በፋኖስ ትምህርት። ደብተሯ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ከፊደሉ ቀጥሎ ከሰሌዳ የተገለበጡ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረውበታል፤ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ማኅበር፣ ስለ ምርት። እጇ እያደር ሲፈታ ከገጽ ገጽ ይታያል፤ መጨረሻው አካባቢ ፊደሎቿ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ መስመሩንም አይለቁም። ከራሷ የወጣ አንድ ቃል ግን በደብተሩ ውስጥ የለም። ሌሊት ግጥም የምትፈጥር ሴት ማታ ማታ የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ትገለብጥ ነበር። መጻፍ ማለት ከሰሌዳ መገልበጥ እንደሆነ ተማረች፤ የእሷም ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን የነገራት የለም። እርሳሱ በጣቷ ነበር፤ ግጥሙ በአፏ ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም።

ይህን ርቀት የተሻገረ ሕዝብ አለ። ላትቪያ በሩሲያ ቄሳር ሥር የምትተዳደር የገበሬ አገር በነበረች ጊዜ ክሪሽያኒስ ባሮንስ የሚባል ሰው የወገኖቹን ዘፈን መሰብሰብና ማደራጀት ያዘ። ዳይና የሚሏቸው ዘፈኖች አጫጭር ናቸው፤ አብዛኞቹ አራት ስንኝ ብቻ ናቸው። የሴት ድምፅ ይበዛባቸዋል፤ ስለ ሠርግ፣ ስለ ወላጅ አልባ ልጅ፣ በእጅ ወፍጮ ስለ መፍጨትም ጭምር ያወራሉ። ባሮንስ መንደር ለመንደር አልዞረም። የገጠር መምህሩም ገበሬውም የሰማውን እየጻፈ በፖስታ ላከለት። እሱ ደግሞ እያንዳንዷን ግጥም በጣት ርዝመት ወረቀት ላይ እየጻፈ በ1880 እ.ኤ.አ. ባሠራው ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደራት። ከ1894 እስከ 1915 እ.ኤ.አ. ታትመው ሲያበቁ ግጥሞቹ ወደ 218,000 ይጠጉ ነበር። ያ ቁም ሣጥን በ2001 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ባሮንስ የነበረው ፖስታ ቤትና ትዕግሥት ነው። እኛ በየአውራጃው የተሰማራ ዘማች ነበረን፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ በየቀበሌው ሰሌዳ አቁሞ የሚያስተምር ሰው ነበረን። በዚያ ሁሉ እጅ የተሰበሰበው የእንጉርጉሮ መዝገብ የታለ? ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፤ እዚህ ነው ብሎ የመራኝ አላገኘሁም።

የግጥም ፍቅር አጥተን ነው እንዳይባል ከእኛ በላይ ማን? ድሮ መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር። የአገሩን ሁኔታ ከእረኛ ዘፈን ላይ ማንበብ የሚያውቁ ብልህ ሰዎች ነበሩ። የሚፈልጉት ግን ስለ መንግሥቱ የተባለውን ነው፤ እረኛው ስለ ራሱ፣ ስለ ብርዱና ስለ ረሃቡ ያለውን ያስጠየቀ የለም። ቀረጻውም ቢሆን ቀድሞ ደርሶናል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸው በሸክላ ላይ ተቀርጿል፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም እንሰማቸዋለን። በ1965 እ.ኤ.አ. ጂዮርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የሚባሉ ሁለት የሃንጋሪ ባለሙያዎች መጥተው ጭፈራችንንና ሙዚቃችንን ቀርጸዋል። አስናቀች ወርቁ ክራሯን አቅፋ የራሷን ፍቅርና የራሷን ብቸኝነት እዚያው እየገጠመች ስትዘፍን ሰምተናል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ከማረፏ በፊት ሥራዋ በኢትዮጲክስ ተከታታይ አልበሞች ውስጥ ገብቶ ዓለም ሰምቷታል። አስናቀች ግን ከተማ ነበረች፤ መድረክ ነበራት፤ ስሟን የሚጠራላት ሕዝብ ነበራት። በየጓዳው የነበሩትን አስናቀቾች አስባቸዋለሁ። እነሱም ኑሯቸውን ነበር የገጠሙት፤ ልዩነቱ ክራር ሳይሆን መጅ መያዛቸው ነው።

ከሁሉ የሚመረኝ የዚያው የ1977ቱ ረሃብ ኮረም ነው። እዚያ ካሜራም ማይክራፎንም ነበር። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ለቢቢሲ የሠሩት ዘገባ ዓለምን አናወጠ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የጻፉት ዘፈን ለንደን ውስጥ ተቀርጾ ወጣ፤ በሚሊዮን ተሸጠ፤ ለተራበው ገንዘብ አስገኘ። ሰው ለሰው ደረሰ፤ ስለዚህ ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለኝም። ነገር ግን ስለዚያ ረሃብ ዓለም በቃሉ የሚያውቀው ዘፈን ረሃቡን በቴሌቪዥን ባዩ ሰዎች የተጻፈው ነው። ልጇን ኮረም ላይ የቀበረችው እናትስ? ቀብር በአገራችን ብዙ ጊዜ ያለ ሙሾ አይሆንም። አቅም ያነሳት ብትሆን እንኳ ሁለት ስንኝ ሳትል ልጇን ለአፈር አትሰጥም። የልጁን መልክ፣ የጠየቃትን፣ ያጣችለትን ነገር በዚያ ስንኝ ውስጥ አስገብታዋለች። ካሜራው ምስሏን ያዘ፤ ልቅሶዋንም ያዘ። ግን ልቅሶዋ እንደ ጩኸት ተሰማ እንጂ እንደ ግጥም አልተሰማም። የአገራችን ሰዎችም በአጠገቧ ነበርን፤ ቋንቋዋን እናውቃለን፤ «ምን እያልሽ ነው?» ብለን አልጻፍነውም። የዚያ ረሃብ ታሪክ በዘጋቢዎችና በእርዳታ ሠራተኞች ቃል ተጽፏል፤ በሹማምንት ማስታወሻም ተጽፏል። በተራቡት በራሳቸው ግጥም የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ካሴት መጣ። በትንሹ ከተማ ሱቅ ሳይቀር ባዶ ካሴት ይሸጥ ነበር። ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ሮምና ዋሽንግተን ላሉ ልጆች ደብዳቤ በካሴት ይላክ ጀመር። እናት ቴፑ ፊት ቁጭ ትልና መጀመሪያ እንደ ጉባኤ ሰው ሰላምታ ትደረድራለች፤ የጎረቤቱን ሁሉ ስም ትጠራለች። መካከል ላይ ድምፅዋ ይለወጣል። ንግግሩ አልበቃ ሲላት ወደ እንጉርጉሮ ትገባለች፤ ለዚያ ልጅ ብቻ፣ ስለዚያ ልጅ ብቻ የተገጠመ። እንዲህ ያለ ካሴት ስንት እንደ ነበር አምላክ ይወቀው። ልጁ ሰማው፣ አለቀሰ፣ መልሶ ሰማው፤ ቀን ሲያልፍ በላዩ ላይ የወቅቱን ዘፈን ቀዳበት። ያልተቀዳበትም ቢሆን በሙቀትና በእርጥበት ክሩ እየተበላሸ በየምድር ቤቱ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል፤ ማጫወቻውም ከቤት ጠፍቷል። በእጃችን የገባ ሁለተኛው ደብተር ይህ ነበር፤ ያውም እናቲቱ መጻፍ ሳያስፈልጋት።

የዚያን ዘመን ካሴቶች ሽፋን አገላብጣችሁ ታውቃላችሁ? ከዘፈኑ ርዕስ ሥር «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ይገኛል። በደርግ ዘመን የየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን፣ የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የገጠሩን ዜማ አምጥተው መድረክ ላይ አቆሙት። እነሱ ባይኖሩ ብዙው ነገር ጨርሶ በጠፋ ነበር፤ ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። ነገር ግን አንዲት ሴት ስለ አንድ ወንድሟ የገጠመችው ስንኝ ከመድረኩ ሲደርስ የማንም ወንድም ይሆናል። ቂጣው ይወጣል፤ መኪናው ይወጣል፤ ናፍቆቱ ብቻ ይቀራል። ናፍቆት ደግሞ ሁሉም ቤት አለ፤ ግጥሙን የእሷ ያደረገው ቂጣው ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ሥራ ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የሚጠበቅ ስም ግን መጀመሪያ መጻፍ አለበት። ሕዝብ አይወልድም፣ ሕዝብ ልጅ አይቀብርም፣ ሕዝብ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቶ መጅ አይገፋም። ይህን ሁሉ ያደረገችው አንዲት ሴት ናት። ከየት መንደር ናት ብሎ መጠየቅ ማንን ይጎዳ ነበር?

የሞተር ወፍጮው ሲመጣ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። የእናቴን ጉልበትና ወገብ የጨረሰው ያ ድንጋይ ነው። መጁ እንዲመለስ የሚመኝ ሰው መጅ ገፍቶ አያውቅም። ግን ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ የምትቆም ሴት አታንጎራጉርም፤ የሞተሩ ድምፅ ከጎኗ ካለችው ጋር እንኳ አያናግራትም። የግጥሙ የሥራ ቦታ በአንድ ትውልድ ተዘጋ። የሚዘጋ መሆኑ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ሞተሩ ከመንደር መንደር እየገሰገሰ ሲመጣ ሁሉም ያያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፎክሎር ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ወጥተው የሰበሰቡት አለ፤ ክብር ይግባቸውና። የደረሱት ግን ብዙው ድንጋይ ከጓዳ ወጥቶ የደጅ መቀመጫ ከሆነ በኋላ ነው።

እናቴ ካረጀች በኋላ ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ጋሼ በሰፈራ የሄደ ጊዜ ስለ ቂጣው ትይው የነበረውን በይልኝ።»

«የቱን ልጄ?»

«ወፍጮ ላይ የምትይውን።»

ጥቂት አሰበች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳብ አደረገቻቸው። ዜማው ወዲያው መጣ፤ ቅንጣት አልጠፋበትም። ቃሉ አልመጣም። «እህህ» እያለች ብዙ ቆየች፤ እንደ ጥንቱ ሁለተኛው ስንኝ እስኪመጣላት የምትጠብቅ መሰለኝና ትንፋሼን ያዝኩ። በመጨረሻ እጇን አነሣች።

«ያኔ ልቤ ሲነድ ያልሁት ነው፤ ላስቀምጠው ብዬ መች አልሁት» አለች። «ማን ይፈልገዋል ብዬ።»

ማን ይፈልገዋል ብላ። ይህች ቃል ከሁሉ በላይ ታቃጥለኛለች፤ ምክንያቱም ስህተቷ አልነበረም። ፊደል ያስቆጠሯት ሰዎች ስለ ንጽሕናና ስለ ምርት እንድትጽፍ ፈለጉ። ዘፈን የሚሰበስቡት ዜማዋን ፈለጉ። ወደ ሰፈሯ የመጣው ሁሉ ከእሷ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር፤ ግጥሟን የፈለገ አልመጣም፤ ስለዚህም እንደማይፈለግ አወቀች። ዛሬ ክራርና ጊታር ይዘው ከራሳቸው ሕይወት ዘፈን ለመሥራት የሚጥሩ ወጣቶችን አገኛለሁ። አርአያ ፍለጋ የሩቅ አገር የባላገር ዘፋኞችን ያዳምጣሉ። ከዚህ ቅርብ ምን ላሳያቸው? አያቶቻችሁ ይህን ሥራ በየሌሊቱ ሠርተውታል ስላቸው ያምኑኛል፤ አንዲት ሙሉ ምሳሌ ከነባለቤቷ ስም፣ ከነምክንያቷ አምጣ ቢሉኝ ግን የምሰጣቸው የእናቴን «እህህ» ነው።

ከዚያ ሁሉ የትምህርት ማታ አንዱን ብቻ፣ አስተማሪው ሰሌዳውን አጥፍቶ «ዛሬ ከዚህ አትገልብጡ፤ ሌሊት ስትፈጩ የምትሉትን ጻፉ» ቢል ይበቃ ነበር። ጠመኔ እንኳ አይጨርስም። በየቀበሌው፣ በየደብተሩ ሁለት ሁለት ስንኝ ይቀር ነበር፤ ከሥሩም የጻፈችው ሴት ስም፣ ገና መጻፍ በለመደችው እጇ። እናቴ በዚያ ማታ ስለ ምን እንደምትጽፍ አውቃለሁ። ወንድሟ ገና አልሄደም፤ ቂጣው ገና አልተጋገረም። ስለ በኩር ልጇ ነበር የምትጽፈው፤ ስሙም በስንኙ ውስጥ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ያን ስም የሚያውቅ ሰው ከቤታችን የለም።